የእንፋሎት ባቡር በፈረንጅ ብርድ፦ ወሎ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ከሁለት ዓመት በፊት የፈረንጆቹን የገና ሰሞን ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ አሳለፍኩ። ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ሰው ስለ ሱቁና ስለ ኑሮው ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ስልኬ ላይ ያለች የ52 ሰከንድ ቪዲዮ ሁሉን አስረሳች። ጥቁር ባቡር ነው። ነጭ እንፋሎት እየተፋ ረጅም የድንጋይ ድልድይ ያቋርጣል። ከዚያ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ወሬው ይኼው ነው። ደሴ ለቅሶ ደርሼ እንኳ አልቀረልኝም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርጌ አንዴ ልመልስና ልረፍ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በእኛ ነው የጻፍኩት።

ይሄ ባቡር እስካሁን ሥራ ላይ ነው እንዴ?

የለም፣ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። አሁን የሚወጣው ለሽርሽር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር ድርጅት በዋና መስመሮቹ ላይ እንፋሎትን የተሰናበተው ኦገስት 11 ቀን 1968 ነው። በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የስንብቱ ጉዞ ከሊቨርፑል ተነስቶ በማንቸስተር አድርጎ ካርላይል ደርሶ ተመለሰ። ቲኬቱ 15 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ስለነበር ጉዞው እስከ ዛሬ በዋጋው ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የእንፋሎት ባቡርን ከመስመሩ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1971 ነው። ከዚያ ወዲህ ጠግነው ያቆዩት ሰዎች ፈቃድ እያወጡ፣ በመደበኛዎቹ ባቡሮች መሃል ተራ እየተሰጣቸው ያስኬዱታል።

እኔ ያየሁት «ብላክ ፋይቭ» ከሚባለው ዓይነት ነው። ከ1934 እስከ 1951 ድረስ 842 ተሠርተው ነበር። ዛሬ የቀሩት 18 ናቸው። ንጉሥ የሚሳፈርበት የክብር ባቡር እንዳይመስላችሁ። የእኛን አይሱዙ በሉት፤ ሰውም ጭነትም፣ ያገኘውን ይጎትት ነበር። እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነው።

«ክረምት ነበር» ትላለህ። ዝናብ ላይ ቆመህ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈረንጆቹ ዊንተር በእኛ ቋንቋ ክረምት ይባል እንጂ ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ነው። እኛ አውድማ ላይ የምንሆንበት በጋ ማለት ነው። (ዝናቡ እንኳ እዚያ አገር ወቅት አይመርጥም።) ብርዱን የኅዳርን ውርጭ ደሴ ላይ ያየ ሰው ይችለዋል። የከበደኝ ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ባቡሩ ትንሽ ከዘገየ የምታየው ነገር መብራት ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሞቅ ሲል አትሄድም ነበር?

ሞቅ ሲልም ይሄዳል። ግን ግማሹ አይታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንፋሎት ራሱ አይታይም። ጀበና ሲንተከተክ አፉ ላይ አተኩራችሁ እዩ። ልክ ከአፉ ጥግ ባዶ የምትመስል ትንሽ ክፍተት አለች። እንፋሎቱ ያለው እዚያች ባዶ ውስጥ ነው። ነጩ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ እሱ ቀዝቅዞ ደቃቅ ጠብታ የሆነው ውሃ ነው። በብርድ ጧት ከአፋችን የሚወጣው ትንፋሽም ያው ነው።

አሁን አየሩን አስቡት። 30 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 30 ግራም ያህል የውሃ ተን ይሸከማል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለው ግን ከ5 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ ያ ባቡር በኮምቦልቻ ቀትር ቢያልፍ እንፋሎቱ ከጭስ ማውጫው ትንሽ ከፍ እንዳለ አየሩ ይጠጣዋል። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር በጥር ጧት ቢያልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አየሩ ጠግቧል፣ አይቀበልም። ነጩ ደመና ፉርጎዎቹን ሁሉ አልፎ ሜዳው ላይ ይተኛል። ባቡሩ ሄዶ ደመናው ይቀራል። እኔ አንድ ደቂቃ ያህል ባዶ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለ ደመና እያየሁ ቆሜአለሁ። ደስ ሲል!

ሌላም ምክንያት አለ። በደረቅ ወቅት ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ፍንጣሪ የሐዲዱን ዳር ሣር ያቃጥላል። ስለዚህ በጣም ሲደርቅ እንፋሎቱን ትተው በናፍጣ ሞተር የሚያስጎትቱበት ጊዜ አለ። በብርድ ወቅት ያ ስጋት አይኖርም። ዛፉም ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ከሩቅ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር ጭስ ሲወጣ ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል። ለእኔ ግን ጥቁር ጭስ ማለት በደንብ ያልነደደ ከሰል ማለት ነው። የእኛ እናቶች ጭስ የበዛበትን ምድጃ አይተው የሚሉትን ታውቃላችሁ።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?

ይህን ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጎረቤታችን ሐጂ ነው። ወፍጮ ቤት ስለነበረው ሞተር ነክ ነገር ሲሰማ አይተኛም።

ከኋላ ምድጃ አለ። የእሳቱ ወላፈን በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ወደ ፊት ያልፋል። ቱቦዎቹ ውሃ በሞላው ትልቅ በርሜል፣ ቦይለር በሚሉት ውስጥ የተዘረጉ ናቸው። ውሃው ይፈላል። መውጫ ስለሌለው ይታመቃል። የቤት መኪና ጎማ 30 ገደማ ይነፋ የለም? በዚያው መለኪያ የብላክ ፋይቩ ቦይለር 225 ነው። ይሄ የታመቀ እንፋሎት በግራና በቀኝ ወዳሉት ሲሊንደሮች ይለቀቅና ፒስተኑን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ይገፋዋል። ፒስተኑ በብረት ዘንግ ጎማውን ያዞራል። ጎማው 1.83 ሜትር ነው። አጠገቡ ብትቆሙ አብዛኞቻችሁን ይበልጣችኋል።

እስካሁን ያለው ለሐጂ አዲስ አልነበረም። ቀጥሎ ያለው ግን ሲኒውን አስቀመጠው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ዝም ብሎ አይጣልም። በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ላይ ይተኮሳል። ሲተኮስ ጭሱን ይዞ ይወጣል። ጭሱ ሲወጣ ደግሞ ከሥር አዲስ አየር በእሳቱ ውስጥ ይሳባል። አስተውሉ፤ ባቡሩ ይበልጥ በለፋ ቁጥር እሳቱ ይበልጥ ይነዳል። ወናፍ የሚነፋለት ሰው አያስፈልገውም። ራሱ ወናፍ ነው። ሐጂ «ሱብሃነላህ» ብሎ ዝም አለ።

«ሁፍ… ሁፍ…» የሚለው ድምፅም ይኼው ነው። እያንዳንዱ «ሁፍ» አንድ ትንፋሽ እንፋሎት ሲወጣ ነው። ሁለት ሲሊንደር ላለው ባቡር ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ሲነሳ መቁጠር ትችላላችሁ። ሲፈጥን አይቆጠርም፣ እንደ ከበሮ ይደባለቃል። ዓይን ጨፍኖ መንገዱ ዳገት ይሁን ሜዳ መለየት ይቻላል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ ሲኖትራክ ማርሽ ሲቀንስ ቤታችን ተቀምጠን እናውቅ የለ? እንደዚያ።

እንደ መኪና በቁልፍ ነው የሚነሳው?

ኧረ በፍጹም። ለነገ ጉዞ ዛሬ ነው እሳት የሚለኮሰው። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ አይፈስም። ቦይለሩ ወፍራም ብረት ስለሆነ ሲሞቅ ይለጠጣል። ቢያጣድፉት ይጎዳል። ስለዚህ ሌሊቱን አጠገቡ ሰው ያድራል።

ስንት ውሃና ስንት ከሰል ይፈጃል?

ብላክ ፋይቭ ከኋላው በሚጎትተው ታንከር 18,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። የ2,000 ሊትር ሮቶ ብትደረድሩ ዘጠኝ ይሆናል። ከሰሉ ዘጠኝ ቶን ነው፤ 90 ኩንታል። ከሰሉን አንድ ሰው በአካፋ ያጎርሰዋል። እኔ አካፋውን ሳይ ወገቤን አመመኝ።

ቀድሞ የሚያልቀው ውሃው ነው። ድሮ በየጣቢያው የውሃ ቧንቧ ነበረ። አሁን አብዛኛው ስለተነሳ ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሞ ቦቴ መኪና መጥቶ ይሞላዋል። የባቲ ገበያ ግመል ከረጅም መንገድ ገብታ ስትጠጣ ያየ ሰው ትዕይንቱን መገመት ይችላል።

ሐረጎን ይወጣ ነበር?

ይህች የደሴ ሰዎች ጥያቄ ናት።

ከኮምቦልቻ ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨመራል። በየ40 ሜትሩ አንድ ሜትር ወደ ላይ በሉት። እኔ ባቡሩን ያየሁበት መስመር ከሴትል እስከ ካርላይል የሚሄደው ነው። እዚያ የታወቀው ዳገት በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ነው። እንግሊዞቹ እሱን ራሱ «ረጅሙ ጉተታ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ሐረጎን ቢያዩ ምን ሊሉ ነው!

ችግሩ የጉልበት ብቻ አይደለም። ብረት ጎማ ብረት ሐዲድ ላይ ነው የሚይዘው። ዳገት ሲበዛ፣ ወይም ውርጭና እርጥብ ቅጠል ሲኖር ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። ለዚህ ሲባል ባቡሩ አሸዋ ይዞ ይሄዳል። በቀጭን ቧንቧ ጎማው ፊት ለፊት ይበትናል። ቢሆንም ብላክ ፋይቭ ከነሙሉ ፉርጎው ሐረጎን ይወጣል ብዬ አልወራረድም።

ግን በእንፋሎት እንዲህ ያለ ዳገት አይወጣም ማለት አይደለም። የምጽዋ–አሥመራው ባቡር በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ 2,300 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከሐረጎ የሚስተካከል ነው። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ 950 ሚሊ ሜትር። አንዳንዶቹ ባቡሮች በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የጎማ ክፍል፣ ለየራሱ ፒስተን ያለው፣ የተገጠመላቸው ናቸው። ጣሊያኖች ሐዲዱን አሥመራ ያደረሱት በ1911 ነው። ፈርሶ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው ጠገኑት። እኔ ቢመረጥልኝ ቀጣዩ ጉዞዬ ወደ ሩቅ አገር ሳይሆን ወደዚያ ነው።

የት ቆመህ ነው ያየኸው?

ሪብልሄድ የሚባል ቦታ። ከሊድስ ተራው ባቡር በቀጥታ ያደርሳል። ጣቢያው ላይ ስትወርዱ ሜዳ፣ በግና ነፋስ ነው። ድልድዩ 24 ቅስት አለው። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ከፍታው 32 ሜትር ነው። መስመሩ ለመንገደኛ የተከፈተው በ1876 ነው። ሥራው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች በዚያ ጭቃ ሜዳ ላይ ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ብዙዎች በአደጋና በፈንጣጣ አልቀዋል። በ1980ዎቹ መንግሥት መስመሩን ሊዘጋው አስቦ ነበር። ሕዝብ ተሟግቶ በ1989 ተረፈ።

የመጀመሪያው ቀን ኪሳራ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ፣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ባቡሩ መጣ። ከፊት ግን ናፍጣ ሞተር ነው የሚጎትተው! እንፋሎቱ ጧት ታሞ ቀርቷል። አዘጋጆቹ ለተሳፋሪው እንጂ ዳር ለቆመው ማን ሊነግር። እህቴ ማታ እየሳቀች ሾርባ ሰጠችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሜዳው ነጭ ነበር። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ፔርሙዝ ይዘው ቆመዋል። ሻይ ሰጡኝ። እኔም ከወሎ ይዤ የሄድኩትን ቆሎ ዘረጋሁላቸው። መጀመሪያ ተጠራጠሩ፣ ኋላ ኪሳቸውን ሞሉ። ድንገት እጃቸውን አነሱ። ምንም አይሰማም ነበር። ቆይቶ ከሸለቆው ሥር ድምፁ መጣ፤ ሩቅ፣ እኩል እኩል፣ እየከበደ። ባቡሩ ከመታየቱ በፊት ብዙ ደቂቃ ድምፁ ብቻ ነበረ። ከዚያ ነጩ ታየ፣ ከሥሩ ጥቁሩ።

ድልድዩ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ቪዲዮዬ 52 ሰከንድ የሆነችው ለዚህ ነው። ሽማግሌው ካሜራ አልያዙም። ቆባቸውን አውልቀው ነው ያዩት።

ከኋላ የተቀጠለው ሌላ ሞተር ምንድን ነው?

ቪዲዮውን አቁመው የሚያዩ ልጆች ናቸው ይህን የሚይዙኝ። ልክ ናችሁ፣ ናፍጣ ሞተር ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ ይቀጠላል። ለፉርጎዎቹ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። እንፋሎቱ ድንገት ቢበላሽም መስመሩ እንዳይዘጋ ይገፋል። አንዳንድ አድናቂ ይናደዳል። እኔ አልተናደድኩም። የመጀመሪያውን ቀን አስታውሱ።

ለምን ለቁራሌ አልተሸጠም?

ተሸጧል እንጂ! ዌልስ ውስጥ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ ዳይ ውድሃም የሚባል የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነበር። የባቡር ድርጅቱ የጣላቸውን የእንፋሎት ባቡሮች በመቶዎች ገዛ። ግን የጭነት ፉርጎ መቆራረጥ ስለቀለለው እሱን አስቀደመ። ባቡሮቹ ለዓመታት የባሕር ጨው እየበላቸው ቆሙ። በዚህ መሃል አድናቂዎች ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ መግዛት ጀመሩ። 213 ባቡሮች ከዚያ ግቢ ተርፈው ወጡ። ዕቁብ የገባ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን አይጠፋውም። ዛሬ የሚጠግኗቸው ብዙዎቹ ሰዎች ደሞዝ የላቸውም። ቅዳሜና እሑድ ቅባት ተለቅልቀው ይውላሉ።

እኛ ጋ፣ ወሎ ውስጥ የለም?

የለም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር የተሠራው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የሚገርመው የሐዲዱ ስፋት ከእንግሊዙ ጋር አንድ ነው፤ 1,435 ሚሊ ሜትር። ብላክ ፋይቭ በመርከብ ቢመጣ ጎማው ኮምቦልቻ ላይ ልክ ይቀመጣል። ይሄ የቡና ወሬ ነው፣ ዕቅድ እንዳይመስላችሁ።

የድሮው የጅቡቲ ባቡር በእንፋሎት ነበር የጀመረው። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። ወሎን ግን አልነካም። ቃላቱ ብቻ ደርሰውናል፤ ፉርጎም ለገሃርም ከፈረንሳይኛ በዚያ በኩል ነው የመጡት። «ባቡር» ራሱማ የባሰ ነው። ከአውሮፓውያኑ «ቫፖር» በዓረብኛ በኩል የገባ ቃል ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው «የሰርኪስ ባቡር» ሐዲድ አልነበረውም። መንገድ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ነው። ወፍጮውንም ባቡር ያልነው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ «የእንፋሎት ባቡር» ስል ሁለት ጊዜ አንድ ነገር እየተናገርኩ ነው።

እኔም አንድ ቀን ብሄድ ምን ላድርግ?

ዳር ቆሞ ማየት ነፃ ነው። ተሳፍሮ ከማየትም ይሻላል። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ባቡሩን አያየውም፣ ቁርሱን ነው የሚያየው። ዳገት ምረጡ። ሜዳ ላይ እንፋሎቱን ዘግተው ሊንሸራተት ስለሚችል ዝም ብሎ ያልፋችኋል። የባቡሮችን ሰዓት በደቂቃ የሚያሳዩ ድረ ገጾች አሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት እዩ። ሁለት ካልሲ ልበሱ።

ሐዲድ ውስጥ ግን እንዳትገቡ። እዚያ አገር ወንጀል ነው። በ1923 የተሠራው ዝነኛው ፍላይንግ ስኮትስማን ተጠግኖ በ2016 ከለንደን ወደ ዮርክ ሲሄድ ሰዎች ለፎቶ ሐዲድ ላይ ወጥተው ባቡሩ ለመቆም ተገድዷል። ይህን ለኮምቦልቻ ልጆችም እላለሁ። የእኛው መስመር ላይ ያለው ሽቦ ለ25,000 ቮልት የተዘረጋ ነው። መንካት ቀርቶ መጠጋትም አይገባም።

ጋቢው ግን ምን ሆኖ ነው?

ይህ የእናቴ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም በላይ የተደጋገመው። አዎ፣ ሪብልሄድ ላይ ጋቢ ለብሼ ነው የቆምኩት። ነፋሱ ወደ እኔ ሲዞር ከጭሱ ጋር የከሰል ብናኝ አረፈበት። ሽታው የከሰልና የጋለ ዘይት ነው። እናቴ በሳሙና ሞከረች፣ በእንዶድ ደገመች። ትከሻው ላይ ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ አልለቀቀም። እሷ ነጠብጣቡን ወደ ውስጥ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። እኔ እንግዳ ሲመጣ ወደ ውጭ እገለብጠዋለሁ።